ሼህ ቡሽራ ለሪድዋን የሰጡት አማን

በረቢዐል አወል ወር የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት እንዳበቃ፣ የሰባት ዓመቱ ሪድዋን ከቁርኣን ቤት ወጣ፤ ቤቱ ግን አልደረሰም።

ነገሩ የሆነው በአንዲት የድሮ የነጋዴዎች ከተማ ነው። ከተማዋን በስተምሥራቅ ገደል፣ በስተምዕራብ መቃብር ያዋስናታል፤ ስሟን መጥራት ለታሪኩ አይጠቅምም። ልጁን ቁርኣን ያስቀራው፣ ማለት ያስነብበው፣ የነበረው ኡስታዝ ሙኒብ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ገና ፂሙ በወጉ ያልሞላ ወጣት። የመስጊዱም የቁርኣን ቤቱም ኃላፊ ሼህ ቡሽራ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚያው ቅጥር ውስጥ ያሳለፉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ፣ ከተማው ሁሉ ዱዓቸውን የሚሻ ሽማግሌ ነበሩ።

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ አለ። አባት ልጁን ለቁርኣን ሲያስረክብ ከክትክታ ቁጥቋጦ አርጩሜ ቆርጦ ይመጣል። አርጩሜውን የሚሸከመው ግን አባትየው አይደለም፤ ልጁ ነው። ልጁ በአንድ እጁ ሉሁን፣ የሚጽፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ በሌላው እጁ የሚመታበትን ዱላ ይዞ ይገባና ሁለቱንም ለኡስታዙ ያስረክባል። ከዚያ ይመረቃል፤ ተምር ይታደላል፤ ትልልቆቹ ይስቃሉ። ሙኒብ መጀመሪያ ያየ ዕለት ደንግጦ ነበር። እያደር ግን ለመደው።

ሐሙስ ሐሙስ አባቶች መጥተው ልጆቻቸው ቁርኣን ሲቀሩ ያዳምጣሉ። የዚያን ዕለት የሪድዋን አባት ሙዘሚል ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሙዘሚል የቆዳ ነጋዴ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሲቆጣ ገበያው ጸጥ የሚልለት ሰው። ሪድዋን ከቁርኣን ምዕራፎች ሱረቱ ዱሓን ጀመረና ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሙኒብ የቀጣዩን ቃል መነሻ ነገረው። ልጁ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ሙኒብ የአባትየው ዓይን ጀርባው ላይ ያረፈ መሰለው። ሰነፍ አስተማሪ እንዳይባል ፈራ፤ ስለ ፈራም መታ። መትቶ ቀና ሲል ሙዘሚል መሬት መሬቱን ያያል። ሙኒብ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠረውና ደገመ፤ ሰለሰም። ልጁ አላለቀሰም። በኋላ ሙኒብን ከሁሉ አብልጦ ያስጨነቀው ይህ አለማልቀሱ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቱ ራቢያ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ እየሮጠች መስጊዱ በር ደረሰች።

«ልጄስ?»

«ወጥቷል እኮ» አለ ሙኒብ። «እንዲያውም ከሁሉም ቀድሞ ነው የወጣው።»

«ወዴት ነው የወጣው? ቤት የለም። እህቴ ዘንድ የለም። የውኃ ጉድጓዱ ጋ የለም። አንተ ኡስታዝ፣ ልጄን ምን አድርገህብኝ ነው?»

አጠገቧ የቆመ አንድ ሸማኔ ጣልቃ ገባ። «ምን ያደርገዋል ብለሽ ነው! የኛ ኡስታዝ ሲያስቀራ እጁ ከምላሱ ይፈጥናል።»

ማንም አልሳቀም።

ወንዶቹ ወደ ገደሉ ወረዱ። ሙኒብም አብሯቸው ወረደ። «ሪድዋን!» ብለው በተጣሩ ቁጥር ገደሉ የራሳቸውን ድምፅ ይመልስላቸዋል። ገና ብርሃን ሳለ ከታች፣ ከቁጥቋጦው ውስጥ፣ ጅብ ጮኸ።

«ገና ሳይመሽ?» አለ አንዱ።

«ያገኘው ነገር ቢኖር ነዋ» አለ ሌላው። ወዲያው ግን የልጁ አባት ከፊቱ መሆኑን አስታውሶ አፉን ያዘ። ሙዘሚል የሰማ አይመስልም። ዝም ብሎ ድንጋይ ለድንጋይ ይወርዳል።

ሙኒብ ከኋላ እየወረደ አሰበ። ልጁ ሞቶ ቢገኝ ከተማው ይጠይቀዋል። ከከተማው በኋላ ደግሞ አላህ ይጠይቀዋል። የልጁን ፊት በዓይነ ኅሊናው ለማምጣት ሞከረ። የመጣለት ግን የተዘረጋው ትንሽ መዳፍ ብቻ ነበር።

አዛን ሲሰማ ሁሉም ወደ መስጊድ ተመለሰ። የምሽቱ ሰላት፣ መግሪብ፣ ተሰገደ። ሰዎቹ ችቦ ሊያቀጣጥሉ ሲወጡ ሼህ ቡሽራ የሉም። ቆይተው ከመስጊዱ ጓሮ መጡ። ሙኒብ ለብቻቸው ዱዓ ሲያደርጉ የቆዩ መሰለው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ፋኖስ ያዝና ከኔ ጋር ና» አሉት።

«ወደ ገደሉ ነው፣ ሼሁ?»

«አይደለም።»

ወደ መቃብሩ መሩት። እየሄዱ ሳሉ፣ «ልጁ ሲቀራ የት ላይ ነው የቆመው?» ብለው ጠየቁት።

«ዱሓ ላይ።»

«ዱሓ የቱ ላይ?»

«‹ፈአመል የቲመ ፈላ ተቅሀር› የሚለው ላይ።» የቲምን፣ አባት የሞተበትን ልጅ፣ አትጨቁን ማለት ነው። ሙኒብ ይህን አንቀጽ ስንቱን ልጅ አስቀርቶታል። ከገዛ አፉ ሲወጣ የሰማው ግን ያኔ ገና ነው። ሼሁ እርምጃቸውን አፈጠኑ።

በመቃብሩ ጥግ አንዲት የሣር ክዳን ቤት አለች። የሬሳ ማንሻው ቃሬዛ የሚቀመጥባት ናት። ልጆች በአጠገቧ አያልፉም፤ እናቶችም የሚያስቸግር ልጅ ሲገጥማቸው «እዚያ ነው የምዘጋብህ» ይላሉ። የፊት በሯ ከውጭ ተቀርቅሯል። ሙኒብ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ብቻውን መቆሙን ሲያስብ ፋኖሱን ከፍ አደረገ።

ሼህ ቡሽራ መቀርቀሪያውን አነሱ፤ ግን አልገቡም። ደጃፉ ላይ መሬት ተቀመጡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሪድዋን።»

ሙኒብ ሼሁ አእምሯቸው የተነካ መሰለው። ከዚያ፣ ሰላምታን ያለ መልስ መተው ነውር መሆኑን ገና በአራት ዓመቱ የተማረ አንድ ቀጭን ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መለሰ።

«ወዐለይኩም ሰላም።»

ሙኒብ ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

«ጅቡ ሲጮህ ሰምተሃል?»

«አዎ።»

«እና ቃሬዛው አያስፈራህም፣ ልጄ?»

«ቃሬዛው አይመታም።»

ሼሁ ወደ በሩ ጎንበስ አሉ። «በል ውጣ።»

«ማን አለ እዚያ?»

ሼሁ ‹እኔ ብቻ ነኝ› ማለት ይችሉ ነበር። «እኔ አለሁ። ኡስታዝህም አለ» አሉ። ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ተሰማ፤ ልጁ ወደ ጥጉ ይበልጥ እየሸሸ ነው። ሙኒብ ይህን ሰማ። ያን ድምፅ ከሚሰማ ከተማው ቢደበድበው በወደደ።

«ፋኖሱን አስቀምጥ» አሉት ሼሁ። «ራቅ ብለህ ቁጭ በል። እጆችህን ጉልበትህ ላይ አድርግ፤ ይያቸው።» ሙኒብ እንደታዘዘው አደረገ። ሼሁ ወደ ጨለማው ዞሩ። «ሪድዋን፣ አላህ ምስክሬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንተን የሚመታ እኔን ይመታል። አማን ሰጥቼሃለሁ፤ ማንም አይነካህም።»

«አባቴስ?»

«አባትህም ቢሆን።»

ልጁ የሸረሪት ድር ፀጉሩ ላይ ተጠምጥሞ ወጣ። የሙኒብን እጆች እያየ፣ በሼሁ ማዶ በኩል ዞሮ አለፈ።

መስጊዱ በር ላይ ችቦ የያዙት ሰዎች ጠበቋቸው። «በከራማቸው፣ በጸጋቸው አገኙት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ሙዘሚል ሕዝቡን ገፍቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ልጄን ስጡኝ።»

«አማን ሰጥቼዋለሁ፣ ሙዘሚል። እጅህን እንደማታነሣበት ካልማልክልኝ ዛሬ እኔ ዘንድ ያድራል።»

በዚያች ከተማ በአባትና በልጁ መካከል የገባ ሰው አይታወቅም። ሼሁ ምርኩዛቸውን አጥብቀው ያዙ፤ ሙኒብ እሳቸውም መፍራታቸውን አየ። የሙዘሚል መንጋጋ ተንቀሳቀሰ። አሁን ይመታቸዋል ብሎ ሙኒብ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ወላሂ አልመታውም» አለ ሙዘሚል፣ አጠገቡ ለቆሙት ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ልጁን ሳይነካ ፊቱን አዙሮ በጨለማው ሄደ። ሰዉ ሁሉ ተቆጥቶ ነው አለ። ሪድዋንን እናቱ አቅፋ ወሰደችው።

በማግሥቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሼሁ አባቶቹን አስቀሯቸው።

«አነስ ከልጅነቱ ጀምሮ ነቢያችንን፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ አሥር ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳ ኡፍ አላሉትም። እኛ ልጁን የገዛ አርጩሜውን እናሸክመዋለን።»

አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሡ። «ኧረ በአላህ፣ ሼሁ! እኛስ እየተመታን አይደል የቀራነው? ምን ሆንን?»

«ምን እንደሆንን ትናንት ታየ። ልጅ እኛን ሸሽቶ የሬሳ ማንሻ ሥር ገባ።» ቀጥለው የተናገሩትን ከተማው እስከ ዛሬ ይደግመዋል፤ «በፍርሃት ያስቀራነው ልጅ በቃሉ የሚሐፍዘው ፍርሃቱን ነው።»

ከዚያ ዕለት ወዲያ ልጅ ሲገባ አርጩሜ ቀረ። አባት የልጁን እጅ በኡስታዙ እጅ ላይ ያኖራል፤ ሁለቱም በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት «አማን ነህ» ይሉታል። ቅር ብሏቸው ልጆቻቸውን ያስወጡ ነበሩ። ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ከፊሎቹ አልተመለሱም።

ሙኒብ ልብሱን ጠቅልሎ ሊሰናበት ሄደ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ አገሬ። ለዚህ ሥራ አልሆንም።»

«አገርህ ልጅ የለም?» አሉት ሼሁ። «እዚህ የሚፈራህ ልጅ አለ። ፍርሃቱ እስኪለቀው ድረስ የትም አትሄድም።»

ቀላል አልነበረም። ሪድዋን እጅ በሚደርስበት ርቀት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። ሙኒብ ያን ሁሉ ጊዜ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አስቀራ።

ከተማው ግን የከራማውን ወሬ አልተወም። ሼሁ ሰው ነገሩን ባነሣ ቁጥር «ከራማ የለኝም፤ የነገረኝ ሰው አለ» ይሉ ነበር። ሰሚው ትሕትና ነው ብሎ ያልፈዋል።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ሰባኪዎች አማን መስጠቱን ያወድሳሉ፤ ተገቢም ነው። ልጅ አላህን ከመፍራቱ በፊት እኛን እንዲፈራ ካደረግነው፣ ሁለቱን ፍርሃት ለይቶ ሳያውቅ ያድጋል። አድጎም የሚያውቀውን ለልጁ ያወርሳል። መስጊድ ይህን ሰንሰለት ካልበጠሰ ሌላ የሚበጥስ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ታሪኩ ግን ሰባኪዎቹ በሚያቆሙበት አያበቃም።

ሼህ ቡሽራ ከዓመታት በኋላ በሕመም ሞቱ። ተቀብረው ሰዉ ሲበተን ጥቂቶች መቃብሩ አጠገብ ቆይተው የዚያን ምሽት ከራማ አነሡ። ሙዘሚል፣ ያኔ ፀጉሩ ሸብቷል፣ አቋረጣቸው።

«ከራማ አልነበረም። ከመግሪብ በኋላ ጓሮ ጠርቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

«አንተ በምን አወቅህ?» አለው ሙኒብ።

«ከቃሬዛዋ ቤት ኋላ በኩል አንድ ሳንቃ ይላቀቃል። በልጅነቴ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ። እዚያ አድሬያለሁ፤ ፈልጎ የመጣ አልነበረም።»

«ታዲያ ያን ምሽት ራስህ ለምን አልሄድክም?»

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ልጅ ሆነህ የሸሸኸው ከማን ነበር?»

ሙዘሚል አፈሩ ገና ያልደረቀውን የሼሁን መቃብር በእጁ አመለከተ።