ጨው ብቻውን የማያልፍባት በር

አንዲት ሴት ባሏ ታመመባት። ተቅማጥና ትውከት ነው፤ ውሃው ከሰውነቱ ተሟጦ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ መደብ ላይ ተዘረረ። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ስለወሰደው ወደ ጤና ጣቢያው መሻገር አልተቻለም።

ጠዋት የቀበሌዋ ጤና ሠራተኛ ሰናይት መጣች። የያዘችው መድኃኒት ለሌሎች ታማሚዎች አልቆባታል።

"እትዬ ዘርትሁን፣ አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ ጨውና ስኳር ይበጥብጡለት። መጠኑ ልክ እንዳሳየሁዎት ይሁን። በትንሽ በትንሹ፣ ሳያቋርጡ" ብላት ወደ ሌላ ቤት አለፈች።

ዘርትሁን ጓዳ ገባች። ጨው አለ። የስኳሩ ጣሳ ባዶ ነው። ሱቁ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። አጥር የምትጋራት አስካለ ግን የማኅበር ተራዋ ደርሶ ስኳር ማስገባቷን መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ለምን አልሄደችም? የአስካለ እናት ሲሞቱ ዘርትሁን ለቅሶ አልደረሰችም። ከአስካለ ጋር በአጥሩ ምክንያት ተኳርፈው ነበር። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በየትኛው እግሩ ያንን ደጃፍ ይረግጣል?

"ስኳር ለአፍ ማጣፈጫ ነው" አለች ለራሷ። "ለታመመ ሰው ጣዕም ምን ያደርግለታል? ኃይሉ ያለው ጨው ላይ ነው።" እንዲያውም ስኳሩን ይተካልኝ ብላ ጨዉን አበዛችው።

ባሏ አበጋዝ ጎንጨት አለና ፊቱን አጨማደደ።

"አንቺ፣ ቋንጣ ልታደርጊኝ ነው እንዴ?"

"ዝም ብለህ ጠጣ! በደህናህም ጊዜ ቋንጣ የሚወጣው ሥጋ የለህም።"

ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ግን አበጋዝ መቀለዱን ተወ። ስትጠራው ዓይኑን ብቻ ይገልጣል።

ሰናይት ስትመለስ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። እንደተጨማደደ ቀረ።

"ምን አጠጡት?"

"ያልሽኝን። ጨው በውሃ።"

"ስኳሩስ?"

"ለታመመ ሰው ጣዕም ምን ያደርግለታል ብዬ ተውኩት።"

"ስኳሩ ለጣዕም መሰልዎት? የአንጀታችንን ሕዋሳት የሸፈናቸው ስስ ስብ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች ይሆናል፤ ስቡ ደግሞ እንዲህ ያለውን አያሳልፍም። ነገር ግን አንዲት በር አለች። ጨውና ስኳር አብረው ሲመጡ ሁለቱንም ታስገባለች፤ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። በሽታው ሌላውን ሁሉ ሲያውክ ያቺን በር አልዘጋትም። ጨው ብቻውን ሲመጣ ግን አትከፍትለትም። ሲበዛማ የቀረችውንም ውሃ ይስብበታል።"

ዘርትሁን ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ምን ትበል? በወገቧ ሕመም ታሳብብ? ያንንማ ለመንደሩ ሁሉ ስትናገር ከርማለች።

"አስካለ!"

አስካለ ብቅ አለች። "የእናቴ ድንኳን ያልታየሽ ሴት፣ ዛሬ ቤቴን ማን አሳየሽ?"

"አጥፍቻለሁ። አበጋዝ እየሞተብኝ ነው። ስኳር ስጪኝ።"

አስካለ ገብታ ስኳሩን ይዛ ወጣች፤ ግን አላቀበለቻትም።

"አንቺ ውሃውን በጥብጪ፤ እኔ ራሱን ደግፌ እይዝልሻለሁ። እናቴን ግን አልረሳሁልሽም" አለችና ቀድማት ሄደች።

በማንኪያ በማንኪያ ሰጡት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አበጋዝ፣ "ሽንቴ መጣ" አለ። ውሃው ለሰውነቱ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት ነውና፣ ሰናይት ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ምእመናን፣ ዘርትሁን ሰነፍ ነበረች? አልነበረችም። ባሏን አትወደውም ነበር? ትወደዋለች። ከአጠገቡ ሳትነሣ ያላትን ሁሉ አጠጣችው። ያላት ግን ብቻውን የሚገባ አልነበረም።

እኛስ? እንጾማለን፤ እንሰግዳለን፤ ጧፍ እናበራለን። መልካም ነው። ነገር ግን ከማን ጋር ሆነን መጣን? ካኮረፍነው ወንድማችን ጋር መታረቁን፣ "ቢኖርም ባይኖርም ነው" ብለን ትተነው አይደለምን? ጸሎታችን አልገባ ሲል ጾሙን እናበዛለን፤ ስግደቱን እንጨምራለን፤ ድርቀታችንም ይብሳል።

ታረቁ ስላችሁ፣ "አልተጎዳንም በሉ" አላልኋችሁም። አስካለ አልረሳችም። ሳትረሳም የአበጋዝን ራስ ደግፋ ያዘች።

ዛሬ ቅዳሴው ሲያልቅ በየት በኩል ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ? አንድ ደጃፍ ላለማየት ዙሪያውን የምትዞሩ አላችሁ፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። ዛሬ አትዙሩ። ቤታችሁ ውስጥ የተጠማ ሰው አለ።