ከበቅሎ የወደቀው የማን አለቃ ነው?

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ኧረ ጮክ በሉ! የእኔ ድምፅ ትንሽ ናት፤ የናንተን ልዋስ እንጂ።

በድሮ ጊዜ፣ ዘንዶ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። እኛ የላይ ሰፈር ዘሮች ነን፤ ስለዚህ ብልሆቹ እኛ ነን። ይህን የነገሩኝም የላይ ሰፈር ሰዎች ናቸው።

የኛ አለቃ ሸንጎ ላይ ሲያንኮራፋ «እያሰላሰለ ነው» እንል ነበር። የታችኞቹ አለቃ ሲያንኮራፋ «ሰነፍ!» እንል ነበር። የኛ አለቃ ከበቅሎ ሲወድቅ «ወረደ» እንላለን። የነሱ ሲወድቅ ግን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ታችኞቹም እንደኛው ነበሩ።

አንድ ቀን ትልቅ ዘንዶ መጣና ሁለቱም መንደሮች የሚጠጡት ምንጭ ላይ ተጠመጠመ። ምንጩ አስማት ነበረው፤ አፍም ሕግም ነበረው።

«በምንጩ ሕግ እጠይቃለሁ» አለ ዘንዶው። «በእውነት የፈረደ ውሃውን ይወስዳል። ያደላ ይዋጣል።»

መጀመሪያ የታች ሰፈሩ ሽማግሌ አያ ሙላት ሄደ።

«አንድ አለቃ ሸንጎ ላይ አንኮራፋ። ጥፋት ነው ወይስ ጥበብ?» አለው ዘንዶው።

አያ ሙላት ጢሙን እያሻሸ «የማን አለቃ ነው?» አለ።

«አደላ!» ብሎ ምንጩ ጮኸ። ዘንዶው ዋጥ!

ቀጥሎ የኛው ሽማግሌ አያ ድንበሩ «ድሮስ ታችኞች ፍርድ የት ያውቃሉ!» እያለ ሄደ።

«አንድ አለቃ የድሃ በግ ቀምቶ በላ። ጥፋት ነው ወይስ መብት?»

«እሱማ… የማን አለቃ ነው?»

«አደላ!» ዋጥ!

በሦስተኛው የኛ አለቃ ልጅ አንጓች ተነሣች። አንጓች ዓይን አፋር ነበረች። ሰው ሰላም ሲላት በር ጀርባ ትደበቃለች። ነገር ግን የትንሿ እህቷ ከንፈር በጥም ተሰነጣጥቆ ነበር። ቅሏን ይዛ ሄደች።

«አንቺማ ለጥርሴም አትበቂም!» አለ ዘንዶው። «እሺ፣ አንድ አለቃ ከበቅሎ ላይ… ወደቀ ወይስ ወረደ?»

ምላሷን በላት። «የማ…» ልትል ስትል ነከሰችው።

«ወደቀ» አለች።

«አባትሽ ነው እኮ!»

«ውይ አባዬ! ያኔማ እኔም ከኋላው ተፈናጥጬ ነበር፤ አብረን ወደቅን። ለእናቴ ‹ወረድን› አልናት። ጭቃው ግን እስከ ጆሯችን ነበር።»

ምንጩ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። «አላደላችም!» አለ።

ዘንዶው ተናደደ። «ቢሆንም ከዚህ አልነሣም!»

«እንግዲያው በዚያው ሕግ እኔም ልጠይቅህ፣ አያ ዘንዶ» አለች። «አንድ አውሬ ምንጭ ላይ ተኝቶ ሕፃናትን አስጠማ። ክፉ ነው ወይስ ደግ?»

ዘንዶው አሰበ፣ አሰበ። ከሰው ጋር ብዙ ስለሰነበተ የሰው አመል ተጋብቶበት ነበር።

«የማን አውሬ ነው?» አለ።

«አደላ!»

ያደላ ይዋጣል። ዘንዶው ሳይወድ በግዱ አፉን ከፈተ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተንከባለው ወጡ። ከዚያ ዘንዶው የራሱን ጅራት ዋጠ፣ ሆዱን ዋጠ፣ አንገቱን ዋጠ። ጭንቅላቱን እንዴት እንደዋጠ አትጠይቁኝ፤ ስንት መጽሐፍ አገላብጬ አላገኘሁትም።

አያ ሙላት ፊቱን እየጠረገ «ጎበዝ ልጅ! ለመሆኑ የማን…» ሲል፣ አያ ድንበሩ አፉን በመዳፉ ያዘው።

«ዝም በል ወንድሜ! ምንጩ ይሰማል!»

አንጓች ግን አልጠበቀቻቸውም። ውሃውን በቅል ቀድታ ሮጠች። እህቷ ጠጣች፣ ጠጣችና «ድገሚኝ» አለች።

ልጆች፣ ጥፋት ስታዩ መጀመሪያ ጥፋቱን እዩ፤ ባለቤቱን ኋላ ትጠይቃላችሁ። የራሳችሁ ሰው ሲወድቅም «ወደቀ» በሉ፤ ከዚያ እጁን ይዛችሁ አንሡት።

ተረቴን ለእናንተ አወረስኩ፤
የደረቀ አፌን በውሃ አራስኩ።