የአያቱን ፎቶግራፍ ይዞ የወጣው ሰው

አንድ ሰው የአያቱን ፎቶግራፍ በደረቱ አቅፎ ዳገት ይወጣ ነበር። አያቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የወደቁት እዚያ ዳገት ላይ ነው። በየዓመቱ የመታሰቢያ ጉዞ ይደረጋል፤ ዘንድሮ ከላይ፣ ከሐውልቱ ሥር፣ ንግግር የሚያደርገው እሱ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

ከኋላው ታላቅ ወንድሙ ዳምጠው ቀይ ኮፍያ አድርጎ እያነከሰ ይከተላል። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ለዓመታት አልተነጋገሩም። ማን እንደበደለ አልፈርድም፤ ሁለቱም የሚሉት አላቸው። ግን ዳምጠው ጉልበቱ በሽተኛ ነው፤ ዳገት የሚወጣ ሰው አይደለም። ታዲያ ለምን መጣ? ጭኮ ቋጥሮ ለምን መጣ?

አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ዳምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ምትኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ትንሽ አብረኸኝ ተቀመጥ።»

«ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ጭኮ ይዣለሁ። ቅቤ አብዝቼበታለሁ፤ አንተ እንደምትወደው።»

«ጉልበትህን እያወቅህ ማን ና አለህ? ቤቱን ስትሸጥ መቼ ደከመህ?»

ዳምጠው የቋጠረውን ጭኮ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። «እሺ፣ ሂድ። ስትወርድ ታገኘኛለህ» አለው።

ምትኩ ሐውልቱ ጋ ደርሶ ፎቶግራፉን ከፍ አደረገ።

«አያቴ ማምለጥ ይችሉ ነበር» አለ። «ወንድማቸው እግሩን ተመትቶ ከዚህ በታች ወድቆ ነበር። ‹ተወኝና ሂድ› አላቸው። እሳቸው ግን አጠገቡ ተቀመጡ። ሁለቱም እዚያው ቀሩ።»

ሰው አለቀሰ። እሱም አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም።

ከፊት የቆሙ አንዲት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ያ ቀይ ኮፍያ ያደረገው ወንድምህ አይደል? የት ቀረ?» አሉት።

«ደክሞት ነው፣ እማማ።»

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ እንኳ አልሰማም። ሰው ሁሉ የሰማውን የራሱን ንግግር እሱ አልሰማም።

ሲወርድ ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ጭኮው እንደተቋጠረ ተቀምጧል። ተጓዦች ወንድሙን ደግፈው ወደ መኪና እንደወሰዱት ነገሩት። ስልክ ደወለ። አይነሳም። ዳምጠው እስከ ዛሬም አያነሳለትም።

ለሞቱት ማልቀስ ለምን ቀለለን? የሞተ ሰው ቤት አይሸጥብንም። ፎቶግራፍ አያነክስም፤ «ቆየኝ» አይልም። ፊቱን ወደፈለግንበት እናዞረዋለን፣ ተሸክመነውም ይጨበጨብልናል። አያቶቻችን ያደረጉትን እንድናደርግ አንድ ሕያው ሰው መንገድ ላይ ሲለምነን ግን ሰዓታችንን እናያለን።

እናንተስ? ዛሬ ለጸሎት ስትመጡ ማንን አልፋችሁ መጣችሁ? «ስመለስ አገኘዋለሁ» ብላችሁ ድንጋይ ላይ የተዋችሁት ማን ነው?

ዳምጠው «ታገኘኛለህ» ብሎ ነበር። ምትኩ ግን ያገኘው ጭኮውን ብቻ ነው።