የአንጓችን አትቀቅል

ጠጋ በሉ እስቲ። አንተም ቆሎህን በኋላ ትቆረጥማለህ፤ አሁን ስማ። ይህ የሆነው ገብስ ብቻ እህል፣ በሬ ያለው ብቻ ገበሬ በነበረበት ዘመን ነው። እኔ አልፈጠርኩትም። የጨመርኩበት ነገር ቢኖር ጨው ነው።

በአስታ ሜዳ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ልጅ አልወለደችም። በሬ የላት፣ ማሳ የላት። ያላት አንዲት ጎጆ ናት፤ ከጎጆዋ ጀርባ ደግሞ አሥር ቁርበት ቢነጠፍባት የምትሞላ ጓሮ። በዚያች ጓሮ ጎመን ታበቅላለች፣ ነጭ ሽንኩርት ታበቅላለች፣ ጤና አዳም ታበቅላለች። ምድጃዋን ስትጠርግ አመዱ ወደ ጓሮ፣ የጎረቤት በረት ስትጠርግ እበቱ ወደ ጓሮ። ወንዶቹ ግን ጓሮን ከእርሻ አይቆጥሩም ነበር። «የሴት ጨዋታ ነው» ይሉ ነበር። ጎመኑን ሲበሉት ግን ማናቸውም አልተጫወቱም።

አንድ ዓመት አንጓች የሦስት ቀን መንገድ ተጉዛ ለአረም ሥራ ሌላ አገር ሄደች። ሥራው አልቆ ስትሰናበት የቤቱ እመቤት ሦስት ድንች ሰጠቻት። «አፈር አልብሻቸው። ቅጠሉ ሲደርቅ ቆፍሪ» አለቻት። አንጓችም በመቀነቷ ቋጥራ አመጣቻቸው። በአስታ ሜዳ ድንች ያየ ሰው አልነበረም።

ግንቦት ላይ ተከለች። በቀለ። አበበ። ሰው ሁሉ መጥቶ አየ። ክረምቱ ሲገፋ ቅጠሉ ገረጣ፣ ጠወለገ፣ ደረቀ። ያኔ አገሩ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ወንድይፍራው በበቅሎው ሲያልፍ ከአጥሩ በላይ ተንጠራርቶ አየና፣

«አንጓች፣ አዝመራሽን ነፍስ ይማር!» አላት።

«ቅጠሉ ይሙት ጌታዬ። እኔ የተከልኩት ቅጠል አይደለም» አለችው። ወደ መኮትኮቷም ተመለሰች።

በሳምንቱ ቆፈረች። ከሦስቱ እግር አንድ እንቅብ ሙሉ ድንች ወጣ። ሳቁ ቀረ፤ ሌላ ጣጣ ግን መጣ። ጾሙ ፍልሰታ ነበር። ከመሬት ሥር ተኝቶ የተገኘ ነገር በጾም ይበላል ወይ? አንዱ ሽማግሌ «ይህ የመሬት እንቁላል ነው፤ ያስገድፋል» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ነገሩ ከቄሱ ዘንድ ደረሰ። ቄሱ አንዱን ሰንጥቀው አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት። «ደም የለው፣ ወተት የለው፤ ብሉ» አሉ። እሳቸውም ሦስት በሉ ይባላል።

አንጓች ግን ትናንሾቹን ቀቀለች እንጂ ትልልቆቹን አልነካችም። ሰው እኮ ትልቁን በልቶ ትንሹን ለዘር ይተዋል። እሷ ትንሹን በላች፣ ትልቁን ለዘር አስቀመጠች። ለዚህም ሳቁባት። እሷ ወደ መኮትኮቷ ተመለሰች።

በሁለተኛው ዓመት ጓሮዋን በሙሉ ድንች ተከለችው። ያኔ ጃርት መጣ። ጃርት የድንችን ጣዕም ለማመን ቄስ አይጠይቅም። አጥሩን ብታጠብቀው ከሥሩ ቆፍሮ ገባ። እሾህ ብትጨምርበት አሁንም ከሥሩ ቆፍሮ ገባ። የእሱ መርፌ ከእሷ እሾህ ይበልጣል። ጎረቤቶቿ፣ «ሳይደርስም ቢሆን ንቀዪና ብዪው፤ ከጃርት የተረፈ ምን ይጠቅምሻል?» አሏት። አልነቀለችም። የዚያን ዓመት እኩሌታውን ጃርት በላው።

አንጓች ተቀምጣ አሰበች። ሌባው የሚመጣው ከታች ነው፤ እሷ የምታጥረው ወደ ላይ ነው። በተከታዩ ዓመት ሁዳዴን በሙሉ ከወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጀርባዋ ተሸከመች። በጓሮዋ ዙሪያ ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈረች። ድንጋዩን አቁማ ደረደረችው፣ መልሳም አፈር አለበሰችው። አጥር ወደ ታች ሲታጠር ያኔ ታየ። ሳቁባት እንጂ፣ ሌላ ምን ያውቃሉ! ጃርቱ መጣ፣ ቆፈረ፣ ድንጋይ አገኘ፣ ሄደ። አንጓች ወደ መኮትኮቷ ተመለሰች።

ሦስተኛውን መከራ ስነግራችሁ ግን አልስቅም።

በዚያው ዓመት ገብሱ ሊታጨድ አሥር ቀን ሲቀረው በረዶ ወረደ። ከምሳ እስከ እረኛ መመለሻ ወረደ። ሲያባራ በአስታ ሜዳ የቆመ ገብስ አልነበረም። የአንጓች ድንች አስቀድሞ ተቆፍሮ ነበርና የሚበላውን ለሁሉም አካፈለች። አለቀ። ከበረዶው የተረፈውን ጎመን አካፈለች። አለቀ። ሰው ሳማ እየቀቀለ በላ። ጉልበት ያለው ለቀን ሥራ ቆላ ወረደ። በጥቅምት መጨረሻ በመንደሩ የቀረ የሚበላ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በአንጓች መደብ ሥር፣ ጭድ ውስጥ የተኛው ሠላሳ ሦስት የዘር ድንች። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ታናሽ ወንድሟ ቢያድግልኝ መጣ። እናኑ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ ነበረችው።

«እታለም፣ እናኑ ከትናንት ጀምሮ አታለቅስም» አላት።

ማልቀስ ያቆመ የተራበ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አንጓች ታውቃለች። ለራሷ የሠራችውን የሳማ ወጥ ከነድስቱ ሰጠችው። ዘሩን ግን አልሰጠችውም። ከባድ ነው፣ ልጆቼ። እኔ ብሆን እሰጥ ነበር። ቢያድግልኝ ድስቱን ያዘና፣ «ድንጋይ ስትሸከሚ ከርመሽ ድንጋይ ሆንሽ» ብሏት ወጣ። ያን ቀን አንጓች እንጀራ ልጋግር ያለች ሴት ይመስል ዱቄት የሌለበትን ቡሃቃ እያጠበች አለቀሰች።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ ጠሯት። ጭቃ ሹሙ ወንድይፍራው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አውጪና አካፍዪን፤ ካልሆነ እኛው እናወጣዋለን» አላት።

«አባቶቼ፣ እሰጣለሁ። ሠላሳ ሁለት ቤት ናችሁ ከእኔ ሌላ፤ ለየቤቱ አንድ አንድ ይደርሳል። ነገር ግን በእጃችሁ አልሰጥም። እኔው ጓሯችሁ እተክለዋለሁ» አለች።

«ዘወር ስትዪ ቆፍረን ብንበላውስ?»

«በየቤቱ ታናሽ ልጅ ስም ነው የምተክለው። የልጁን ጉርሻ ከአፉ የሚነጥቅ ካለ ይቆፍር።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መንገድ ለቀቁላት። አንጓች እንቅቧን ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። አመድ አለበሰች፣ እበት አለበሰች፣ ድንቹን ቀበረች። «ይህ የእገሌ ነው» ትላለች፤ ልጁን ጠርታ እጁን አፈሩ ላይ ታሳርፈዋለች። ሠላሳ ሁለት ቤት እንዲህ ተከለች። አንዱን ለራሷ አስቀረች።

ሠላሳ አንዱ ቤት አልቆፈረም። አንዱ ቆፈረ።

ቢያድግልኝ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከእህቱ ደጅ ቆሞ ተገኘ። በጥፍሮቹ ውስጥ አፈር ነበረ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ለእናኑ ቀቀልኩላት» አለ። «እኩሌታውን እኔ በላሁት፣ እታለም።»

አንጓች አልተቆጣችም። ወደ ቤት ገባች። የመጨረሻዋን፣ የራሷን ድንች ይዛ ወጣች።

«ይህ እኮ ያንቺ ነው» አላት።

«የእናኑ ነው» አለችው። ሄዳ ተከለችው። ውሃውን ግን እሱን አስቀዳችው።

ያን በጋ የአስታ ሜዳ ሰው በገንቦና በቅል ውሃ ተሸከመ። ውርጭ እንዳይመታው ለድንቹ ጭድ አለበሰ። ቆላ የወረዱት ቋጥረው በላኩት እህልና በሳማ ነፍሱን አቆየ። እናኑም ማልቀስ ጀመረች፤ አገሩ ለቅሶዋን ሰምቶ እፎይ አለ። በየካቲት ቅጠሉ ደረቀ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከአንዱ እግር አሥርም አሥራ አምስትም ወጣ። ይህ ቤት አያጠግብም። ነገር ግን አሥሩ ግንቦት ላይ ተተከለና መቶ ሆነ፤ የገብስ ዘር ባልነበረበት በዚያ ክረምት መንደሩን ያበላው እሱ ነው።

የአንጓች ጓሮ ግን በየካቲት ባዶ ነበረች። ስለዚህ ልጆቹ መጡ። እያንዳንዱ ከራሱ እግር ትልቁን ድንች ይዞ መጣና በደጇ አስቀመጠ። እናኑ በአባቷ ትከሻ ሆና መጣች። የእሷ ትልቅ ድንች የዶሮ እንቁላል ቢያክል ነው። አንጓች ሁሉንም ተቀብላ መሬት ሳመች።

ዛሬም በአስታ ሜዳ ልጅ ክርስትና ሲነሣ በስሙ አንድ እግር ድንች በጓሮ ይተከላል። ከዚያ እግር ትልቁ አይበላም። ዘር ላጣ ጎረቤት ይሄዳል፤ የሰጪው ቤት ሰው ራሱ ሄዶ በእጁ ይተክልለታል። የሚያርሰውን በሬ ለድግስ ሊያርድ የተነሣ ሰው ካለም «የአንጓችን አትቀቅል» ይባላል። ያን የሰማ ሰው ቢላዋውን ያስቀምጣል።

አንድ ልማድ ደግሞ አለ። ይህን ታሪክ ማንም ተነሥቶ አያወራውም። ጭቃ ሹሙ ዘር አለው፣ ቄሱም ዘር አላቸው፤ እነሱ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። እንዲናገር የተፈረደበት ቆፍሮ የበላው ቤት ነው፤ አባት ለልጅ እያስረከበ፣ ምንም ሳይደብቅ። እናኑ የአያቴ እናት ናት።