የትርንጎ ደጅና ጡረታ የወጣው ኮምፒውተር

በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፤ ከዚህ በታች ካለው ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የነገዋ ፀሐይ አታግኘኝ። ያላመነ ይምጣና ዓይን ዓይኔን ይየኝ።

አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ስሟ ትርንጎ ይባላል። የምትኖረው ከአንዲት ደገኛ ከተማ ዳር ነው። ደጇ ተዘግቶ አያውቅም፤ «ቤቶች!» ብሎ የተጣራ ሁሉ «ግባ!» ይባላል። ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው የለም። በሩ መከፈትን እንጂ መዘጋትን ስላልለመደ፣ አንድ ክረምት ንፋስ ሊዘጋው ሲታገል ንፋሱ ወገቡን ተሰብሮ እያነከሰ ሄደ ይባላል። ይባላል አልኩ እንጂ ያየሁት ራሴ ነኝ። ትርንጎ በዚህ ደጅ ትኮራ ነበር። «የእኔ ቤት እምቢ የሚል ቃል አልተፈጠረበትም» እያለች ጎረቤቶቿን ታሰለች ነበር።

ባሏ ዳምጠው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፎቶ አንሺ ነበር። በዚያች ከተማ የተዳረ፣ የተጠመቀ፣ የተመረቀ ሰው ሁሉ በካሜራው ፊት አልፏል። ሲሞት ለሚስቱ የተወላት አንድ ኮምፒውተር ነው፤ የከተማው ሰው ፊት ሁሉ በሆዱ ውስጥ ያለ። ኮምፒውተሩ ያረጀ ነበር። ምን ያህል ያረጀ ብትሉኝ፣ ሲከፈት ከማራገቢያው የሚወጣው ንፋስ የጎረቤትን እህል ከገለባው ይለይ ነበር። ጉርምርምታውን የሰማ የወፍጮ ቤት ባለቤት «ተፎካካሪ መጣብኝ» ብሎ ቀበሌ ድረስ ከሷል። ትርንጎ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የምትይዘው። በኪሮሽ በገዛ እጇ የሠራችውን ዳንቴል ታለብሰዋለች፤ ዳንቴሉ ላይ ጅራቱን የዘረጋ ጣዎስ አለበት።

እዚያ አገር ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ ፎቶው ይያዛል። ያለ ፎቶ የተለቀሰለት ሰው ግማሹ ሳይለቀስለት እንደተቀበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ሐዘን የደረሰበት ቤት መጀመሪያ ለዕድሩ ይነግራል፤ ቀጥሎ ወደ ትርንጎ ይሮጣል። እሷም ጣዎሱን ገልጣ፣ ኮምፒውተሩን ቀስቅሳ፣ የሟቹን ፊት ታወጣለች። ዘመዱ ሩቅ አገር ከሆነ በኢንተርኔት ትልክለታለች። «እኔ እያለሁ በዚህ ከተማ ፊቱ የሚጠፋ ሰው የለም» ትላለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ። እውነቷን ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች የላኩት ነው። «ለዚህ ሥርዓት የምንሰጠውን ጥበቃ አቁመናል፤ ከእንግዲህ ማሻሻያ አይደርስዎትም» ይላል። ትርንጎ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና «እሰይ፣ ጡረታ ወጣልኝ» አለች። «ጡረታ የወጣ ሰው ቤቱ አርፎ ይቀመጣል፤ ማን ይነካዋል?»

ነገሩ ሌላ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰሪዎቹ የአጥሩን ቀዳዳ እየፈለጉ ይደፍኑ ነበር። እነሱ ሄዱ። ቀዳዳ ፈላጊዎቹ ሌቦች ግን አልሄዱም።

ብዙም ሳይቆይ እንግዶች መምጣት ጀመሩ። ከስክሪኑ ጥግ ትንንሽ መስኮቶች ብቅ ይላሉ። አንዱ «ኮምፒውተርዎ ታሟል፤ ሐኪሙ እኔ ነኝ፤ ልግባ?» ይላል። ሌላው «ሽልማት ይዤ መጥቻለሁ» ይላል። ሌላው ደግሞ ምንም ሳይል «እሺ» የምትል ቁልፍ ብቻ ይዞ ይቆማል። እንግዳ ደጅ አስቁማ የማታውቅ ሴት ምን ታድርግ! «ግባ የኔ ጌታ፣ ምነው ውጭ ቆምክ» እያለች «እሺ»ን ትጫናለች። እምቢ የሚባልበት ቁልፍም አጠገቡ ነበረ። አይታዋለች። ነውር መሰላት።

እንግዶቹ ገቡ፤ ዘመዶቻቸውንም ጠሩ። ኮምፒውተሩ ከመክበዱ የተነሳ የተቀመጠበት ጠረጴዛ እስከ ጉልበቱ መሬት ውስጥ ሰመጠ። ተከፍቶ እስኪነሳ ጎመን ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ ተቀቅሎ ይበላል። ትርንጎ ግን ጀርባውን ትዳብሰውና «አይዞህ፣ እኔስ ከወንበር ስነሳ ስንት ጊዜ አቃስታለሁ?» ትለዋለች።

ከዚያ አናጢው ገድሉ ሞተ። የዚያን ከተማ በር ሁሉ የሠራው እሱ ነው፤ የትርንጎንም ጭምር። ሴት ልጁ ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ትርንጎ፣ አባቴን! አባቴን ስጪኝ! ሌላ ፎቶ የለውም እኮ!»

«ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። እኔ እያለሁ የገድሉ ፊት አይጠፋም።»

ጣዎሱን ገለጠች። ዳምጠው ፎቶዎቹን በክፍል በክፍል ነበር ያስቀመጣቸው። የመጀመሪያው ክፍል «ቤቴ» ይባላል፤ የእሱና የሚስቱ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ነው። ትርንጎ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ እሱን ትከፍትና ባሏን ሰላም ትለዋለች። ያን ቀንም ከፈተችው። ባሏ የለም። በየፎቶው ቦታ ባዶ ነጭ ነገር ብቻ ተደርድሯል፤ ከላዩ «ተቆልፏል፤ ቁልፉ እኛ ዘንድ ነው» ይላል። ሁለተኛውን ክፍል ከፈተች፤ የክርስትና ፎቶዎች ናቸው። ዓይኗ እያየ የአንዱ ሕፃን ፊት ጠፋ። ወዲያው ደግሞ የአጠገቡ። «ግባ» ካለቻቸው አንዱ ከክፍል ክፍል እየዞረ ከኋላው ይቆልፍ ነበር።

«አባቴ የትኛው ክፍል ነው?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ወደ መጨረሻው ነው፤ ግን ቆላፊው እየመጣ ነው» አለች ትርንጎ።

ከዚያ በዕድሜዋ ሙሉ ብላ የማታውቀውን ቃል አለች። «ውጣ!» ብላ ጮኸች። በማዶ ሰፈር ምሳ የተቀመጡ እንግዶች ጉርሻ በአፋቸው እንደያዙ ብድግ አሉ፤ የእሷ እንግዳ ግን አልወጣም። ያኔ ጎንበስ ብላ የኢንተርኔቱንም የኤሌክትሪኩንም ገመድ በአንድ እጅ ጠቅልላ ከግድግዳው ነቀለችው። ያ የወፍጮ ጉርምርምታ ቀጥ አለ። ቤቱ ጭር አለ።

ከገበያው አጠገብ ታረቀኝ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር፤ ሙያው የተመሰከረለት፣ ምላሱም የሚፈራ። ማንጠግቦሽ ጎትታ አመጣችው። ጣዎሱን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ጭንቅላቱን ያዘ።

«እትዬ፣ ይህንን ከኖኅ መርከብ ላይ ነው ያወረዱት?»

«ምላስህን ሰብስብና ጠግን።»

«ይጣል እንጂ ምኑ ይጠገናል! ሰሪዎቹ ትተውታል። ዘበኛው ከሄደ ቆይቷል።»

«እኔንስ ሐኪሙ ትቶኝ የለ? በል አብሬው ልጣል!»

ታረቀኝ ሳቁን ዋጠ። «ለመሆኑ ማን ማን እንደገባ ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም? ማነው እላለሁ፣ እኔ ነኝ ይላሉ፣ አስገባለሁ።»

«'እኔ ነኝ' የማይል ሌባ አይተው ያውቃሉ? 'እኔ ማን?' ማለት የት ሄዶ?»

የትርንጎ ደም ፈላ። «ደጄን ዝጊ ነው የምትለኝ? የዳምጠው ቤት ይዘጋ?»

«ስለ ደጁ ምን አልኩ? አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመጣ ሁሉ እልፍኝዎ ድረስ ይገባል?»

«ምን ቆርጦት! እንግዳ በረንዳ ነው የሚቀመጠው፤ የከበደ ከሆነ ሳሎን። እልፍኜንማ ከዳምጠው ሌላ ማን ረግጦት ያውቃል!»

ይህን ብላ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ። ዙሪያውን አየችው።

«ይሄ በረንዳ የለውም» አለች በመጨረሻ። «ከደጅ በቀጥታ እልፍኝ ነው። ወይ ጉዴ! ያገኘሁትን ሁሉ የባሌ አልጋ ላይ ሳስቀምጥ ከርሜያለሁ! በል ተነስ፣ በረንዳ ሥራልኝ።»

ታረቀኝ ይጣል ያለውን ረሳ። ፎቶዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ከራሱ ጤነኛ ማሽን ጋር አገናኘው። ከሁሉ በፊት አናጢውን ፈለገ። ገድሉ አዲስ ከሠራው ባለመስታወት በር አጠገብ መጋዙን ይዞ ቆሟል። ማንጠግቦሽ ፎቶውን ታትሞ ሳይደርቅ አቅፋው ሮጠች፤ አባቷ በወግ ተለቀሰለት።

ከዚያ የተረፉት ፎቶዎች ሁለት ቦታ ተገለበጡ። አንዱ ቅጂ ትርንጎ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ሌላው የዕድሩ ዕቃ ቤት፣ ከትልልቆቹ ድስቶች ጋር ተቀመጠ። አንዳቸውም ሥራ ከሌለ ከምንም ገመድ ጋር አይገናኙም። የተዘጋው «ቤቴ» ግን ታረቀኝ ቢታገል ቢታገል አልከፈት አለ። ትርንጎም «የእኔ ይሂድ፤ የሰው አደራ ተርፏል» አለች።

ኮምፒውተሩንስ? ታረቀኝ የድሮውን ሥርዓት ከነእንግዶቹ ጠርጎ አወጣው። በምትኩ ለአሮጌ ማሽን የማይከብድ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ሰሪዎቹ ዛሬም ቀዳዳውን የሚደፍኑለት ሌላ ሥርዓት ጫነበት። የማትሠራባቸውን ፕሮግራሞች አንድም አላስገባም፤ «ባለቤት የማይገባበት በር የሌባ ነው» አለ። ለዕለት ሥራዋም አዲስ ነገር የመጫን ሥልጣን የሌለው መግቢያ ከፈተላት።

«በዚህኛው ሲገቡ በረንዳው ላይ ነዎት» አላት። «ቢሳሳቱ እንኳ እልፍኙ በቀላሉ አይከፈትም። የእልፍኙን የይለፍ ቃል ለማንም አይንገሩ።»

«ለአንተም?»

«በተለይ ለእኔ።»

«ማሻሻያ የሚባለውስ ሲመጣ?»

«ራስዎ ከሥርዓቱ ውስጥ ሄደው ይውሰዱ እንጂ፣ ደጅ የቆመ እንግዳ ይዞት የመጣውን አይቀበሉ። የባንክ ጉዳይም በዚህ ሽማግሌ አይሞክሩ።»

ትርንጎ ጣዎሱን መልሳ አለበሰችው።

ሰነባብታ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት፣ እንደ ልማዷ ባሏን ሰላም ልትል እጇ ወደ መጀመሪያው ክፍል ሄደ። ክፍሉ የለም። ምን ታድርግ፣ የአናጢውን ፎቶ ከፈተች። ያን ቀን በጥድፊያ ስለነበረች በደንብ አላየችውም። አሁን አየችው። ገድሉ አለ፣ መጋዙ አለ፣ በሩ አለ። በበሩ መስታወት ውስጥ ደግሞ ካሜራ ይዞ ጎንበስ ያለ ሰው አለ።

«ማነው?» አለች ትርንጎ፣ መነጽሯን እያስተካከለች።

«እኔ ማን?» ማለት አላስፈለጋትም።

ሌሎቹንም ከፈተች። ዳምጠው በሙሽራ መኪና መስታወት ውስጥ አለ። በሚዜዎቹ ጥቁር መነጽር ውስጥ አለ። ለድግስ በተወለወለ ድስት ሆድ ላይ፣ ተጣሞና ወፍሮ፣ እየሳቀ አለ። የከተማውን ፊት ስትጠብቅ ባሏንም ጠብቃው ኖሯል። ያን ቀን ከኩራት የተነሳ ቀና ያደረገችው አገጯ ጣሪያውን ነክቶ አንድ ቆርቆሮ ከፍ አድርጓል፤ ዛሬም ዝናብ ሲዘንብ በዚያ በኩል ያፈሳል።

ደጇ አሁንም ክፍት ነው። ብቻ «ማነው?» ስትል «እኔ ነኝ» የሚል ካለ፣ «እኔ ማን?» ትለዋለች። መጀመሪያ ሰው ቅር አለው፤ በኋላ ግን ስሙን ከነአያቱ ጠርቶ መግባት ለከተማው ሰው ኩራት ሆነ። ያ ወገቡን የተሰበረ ንፋስ እንኳ በሩን ሲገፋ ስሙን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው የሚገባው። ስክሪኑ ላይ ሳይጠራ ብቅ የሚል መስኮት ግን አያት የለውም፤ ትዘጋዋለች።

ማርጀት ነውር አይደለም። የሰው አደራ ተሸክሞ ያረጀ ዕቃ ቢኮሩበት ያምራል። ነውሩ ዘበኛው እንደሄደ እየተነገረን ደጁን እንደ ድሮው ከፍተን መተኛታችን ነው። ለአሮጌው አዲስ ዘበኛ ቅጠሩለት፤ እልፍኙን ከደጁ ለዩለት፤ አደራውን ሌላ ቦታም አስቀምጡለት፤ ከዚያ ዳንቴል አልብሳችሁ ኩሩበት። እንግዳ መቀበልም ደግነት የሚሆነው ቤቱ ውስጥ ያለውን አደራ እስካልበላ ድረስ ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቤታችሁ ያለው ማሽን ዘበኛው አለ ወይስ ሄዷል? ዛሬ ጠዋት «እሺ» ያላችሁትስ ማንን ነበር?

እንግዲህ በዕድሜዬ ምያለሁና ፀሐይ ሳትወጣ አንዲት ትንሽ ነገር ልመን። ንፋሱም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ የሰመጠው ጠረጴዛም፣ ከፍ ያለው ቆርቆሮም እንዳሉ ናቸው። ዳንቴሉ ላይ የተሠራው ግን ጣዎስ ሳይሆን ዳክዬ ነው። ለእንዲህ ያለች ሴት ዳክዬ አነሰብኝ።