በጆንያ የተፈተነው ታንኳ

ሐይቅ ዳር የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። እንደ አንተ ሚስቱንና ልጆቹን ይወዳል፤ እንደ አንተም «ለእነሱ የሚበጀውን እኔ አውቃለሁ» ይላል። ልጄ፣ ወደ ጠየቅኸኝ ነገር እስክመለስ ታገሠኝ።

ሚስቱ የደጋ ሰው ናትና ውኃ ትፈራለች። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት የቤተ ክርስቲያኑ ታቦት በሚነግሥበት ቀን ጎረቤቶቿ እልል እያሉ ሲሻገሩ፣ እሷ ልጆቿን ይዛ ዳር ላይ ትቀር ነበር። አንድ ዓመት ግን «እሺ፣ አንተን አምኜ እሳፈራለሁ» አለችው። ሰውየው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

ወዲያው ወደ ታንኳ ሠሪ ሄደ። ሠሪው ሁለት ታንኳ አሳየው። አንደኛው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ውኃውን ሰንጥቆ ይሄዳል። ሌላው ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን ታስሮ በላዩ ጣውላ የተነጠፈበት ነው፤ ሰፊ ነው፣ ግን ይንቀራፈፋል።

«ቤተሰብህን አምጣና ይቀመጡበት፤ ከዚያ ትመርጣለህ» አለው ሠሪው።

«ምን ያስፈልጋል? ክብደታቸውን አውቀዋለሁ» አለና ከቤቱ እህል በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ለሚስቱ ትልቅ፣ ለልጆቹ ትንንሽ ጆንያ በቀጭኑ ታንኳ ላይ ደረደረና ቀዘፈ። ታንኳው ዘንበል እንኳ አላለም። ጆንያ ለማሻገርማ ማን ብሎት! ቀጭኑን መረጠ።

የንግሡ ዕለት ነጫቸውን ለብሰው ተሳፈሩ። ገና ከዳር ፈቀቅ እንዳሉ የወፍ መንጋ ከውኃው ላይ ብድግ አለ። ልጆቹ ሊያዩ በአንድ ወገን ተነሡ፤ እናታቸው ልትይዛቸው ወደዚያው ተወረወረች። ታንኳው ተገለበጠ። ውኃው ከወገብ አያልፍምና ማንም አልተጎዳም። ሚስትየው ትንሹን ልጅ ታቅፋ፣ ነጠላዋ እየተንጠባጠበ ወጣች።

እኔ በዚህ ሰው አልፈርድበትም። በጆንያ ትከሻው የተላጠው ለእነሱ ብሎ ነው፤ ያሳዝነኛል።

ሰውየው ወዲያው ሰፊውን ታንኳ ከሠሪው ዘንድ ጎትቶ አመጣና ዳር ላይ አሰረው። መቅዘፊያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ፈትሺው። አልሳፈርም ካልሽም አብረን እንቀራለን» አላት።

ሚስትየው ቆማ ታንኳውን ዙሪያውን አየችው። ከዚያ ወጣችበት። መሃሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ተነሣች፣ ጣውላውን በእግሯ መታችው። ልጆቹን ጠርታ «በሉ ዝለሉ!» አለቻቸው። እሷም አብራቸው ዘለለች። ጣውላው ተንቋቋ እንጂ ዘንበል አላለም። በመጨረሻ ወደ ባሏ ዞረችና «ና ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። ደሴቲቱ ላይ የደረሱት ታቦቱ ከገባ በኋላ ነው። ግን ደረሱ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ልጄ። «ከተማ ቤት ሠራሁላቸው፣ ለልጆቹ ጥሩ ትምህርት ቤት አገኘሁ፤ ታዲያ ሚስቴ ዕቃ ለመሸከፍ እጇ ለምን ይከብዳታል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ቤቱ መልካም ይሆናል፤ እንደለፋህም ፊትህ ይናገራል። ነገር ግን የመረጥኸው ጆንያ ደርድረህ ነው። ጆንያ አይፈራም፣ ጎረቤት አይናፍቅም፣ እናቱን ጥሎ መሄድ አይጨንቀውም። ሚስትህ ምን እንደሚያስፈራት እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። እኔን ለመጠየቅ ግማሽ ቀን በእግርህ መጣህ፤ እሷን ለመጠየቅ ግን ዞር ማለት ብቻ ይበቃህ ነበር።