የፍሬኑ አየር

አንድ ላሜራ ቀጥቃጭ በአንዲት ዳገታማ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አስታጥቄ ይባላል። በወጣትነቱ በሚሠራበት ጋራዥ አንድ የውጭ አገር ሰው ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ለጥገና አምጥቶ ነበር። መኪናዋ ጣሪያ የላትም፤ አፍንጫዋ ረዘም ያለ ነው፤ የምትይዘውም ሁለት ሰው ብቻ ነው። አስታጥቄና የሥራ ጓደኛው ዳርጌ አጥበውና ወልውለው ሲያስረክቧት፣ አንድ ቀን እንደ እሷ ያለች መኪና በገዛ እጃችን እንሠራለን ተባባሉ።

ዕድሜያቸው ገፍቶ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ፣ አስታጥቄ ከአሮጌ በርሜል ላሜራ ቆርጦ የመጀመሪያውን ፓራፋንጎ፣ ማለትም የጎማውን መሸፈኛ፣ ቤቱ ቀጥቅጦ ሠራ። ለዳርጌ ሊያሳየው ወደ ጋራዡ ይዞት መጣ። ዳርጌ በሠራተኞቹ መካከል ቆሞ አገላብጦ አየውና፣ "ይሄ ፓራፋንጎ ነው ወይስ የእርጉዝ ላም ሆድ?" አለ። ሁሉም ሳቁ። አስታጥቄም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ላሜራውን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያን ቀን በኋላ ሥራውን ለማንም አላሳየም። ሲያልቅ ያዩታል፣ አለ ለራሱ። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ልጅም አልነበራቸውም። የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈና ሥራውን ያዘ። ከተጣለች አሮጌ መኪና ሞተርና ሻንሲ፣ ማለትም የመኪናውን አጽም፣ ገዛ። የመኪናዋን ቅርጽ ከትዝታው እያወጣ መጀመሪያ በእንጨት ሠራው፤ ከዚያ ላሜራውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ እያስተኛ ቀጠቀጠ። ያልወደደውን ይጥልና እንደገና ይጀምራል። መሪውን ከወይራ እንጨት ጠረበ። የሾፌሩን ወንበር በቆዳ ሰፋ። ሁለተኛውን ወንበር ግን አልሠራውም። የሚቀመጥበት ሰው በሐሳቡ አልመጣለትም።

ሰፈርተኛው መዶሻውን እየሰማ የመሰለውን ያወራ ነበር። አንዳንዱ ለራሱ የብረት ሬሳ ሣጥን እየሠራ ነው አለ። ጎረቤቱ እትዬ አስካለ ደግሞ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "ጋሽ አስታጥቄ፣ ድስት ከሆነ የሚሠሩት ለእኔም አንድ ይበሉልኝ" ይሉት ነበር። አይመልስላቸውም። ቆይተው እሳቸውም ተዉት።

ዳርጌ ግን ቶሎ አልተወም። በየጊዜው ይመጣና በሩን እያንኳኳ፣ አለህ ወይ፣ ይላል። አስታጥቄ ድምፁን ሲሰማ መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። የዳርጌ ኮቴ ሲርቅ መቀጥቀጡን ይቀጥላል። አንድ ጊዜ በሩ ሥር በጆንያ የተጠቀለሉ ሁለት ክብ የመኪና መብራቶች አገኘ፤ እንደ ቀይዋ መኪና መብራቶች ያሉ። ማን እንዳስቀመጣቸው ማሰብ አላስፈለገውም። ወስዶ ገጠማቸው። ምስጋና ግን አልላከም። ከዚያ በኋላ በሩ አልተንኳኳም።

በመጨረሻ መኪናዋ ተሠርታ ቆመች። ቀይ ቀለም ተቀባች፤ ሞተሯ ተነሣ። የቀረው የፍሬኑ ሥራ ብቻ ነበር። የፍሬን መስመር ዘይት ሲሞላ አየር ይገባበታል። ያ አየር ካልወጣ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፤ መኪናውም አይቆምም። አየሩ የሚወጣው ደግሞ በሁለት ሰው ነው። አንዱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ሥር ተኝቶ ትንሿን ብሎን ይከፍታል፤ መልሶ ሲዘጋት ያኛው ይለቃል።

አስታጥቄ ብቻውን ሞከረ። ፔዳሉን በእንጨት ደግፎ ከወንበሩ ጋር ወጠረው፤ ሮጦ ብሎኗን ሲከፍት ፔዳሉ ሰመጠ፤ እንጨቱ ወደቀ፤ አየሩም ተመልሶ ገባ። ድንጋይ ጫነበት፤ ያው ሆነ። እንጨትም ድንጋይም ልቀቅ ሲሉት አይለቅም፤ ያዝ ሲሉትም አይይዝም። እንዲያው ልንዳት ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ በሩን ከፈተ። ቁልቁለቱን ሲያይ ተማሪዎች መንገዱን ሞልተው ይወጡ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ በሩን ዘጋ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ በሠራት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። ማንን ልጥራ ብሎ አሰበ። ለአንድ ሰዓት ፔዳል የሚረግጥለት ሰው ነበር የሚፈልገው። በዚያ ሁሉ ቤት መካከል እየኖረ፣ በሩን አንኳኩቶ እግርህን አውሰኝ የሚለው ከአንድ ሰው በቀር አላገኘም።

ሲሄድ ዳርጌ በቤቱ ደጃፍ ላይ ምርኩዝ ይዞ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አስታጥቄ ሰላምታውን ረሳና፣ "እግርህን ፈልጌ ነው የመጣሁት" አለው።

ዳርጌ ቀና ብሎ አየው። "ሙሉ ሰው ሆኜ ስመጣ አልከፈትክልኝም፤ ዛሬ እግሬ ብቻ ናፈቀህ?"

"ፍሬኑ አየር ይዟል።"

"እንጨት አልሞከርክም?"

"ሞከርኩ። ወደቀ።"

ዳርጌ ምርኩዙን ተደግፎ እየተነሣ፣ "የቀኙ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል። ግራው ይሆንሃል?" አለው።

ግቢው ሲደርሱ ዳርጌ መኪናዋን ዞሮ አያት። ክብ መብራቶቹ ጋ ሲደርስ፣ ጆንያው ደርሶሃል ማለት ነው፣ ብሎ አለፈ። አስታጥቄ ዓመታት ያቆየውን ነገር መያዝ አልቻለም። እጁን በፓራፋንጎው ላይ አድርጎ፣ "አሁንስ የእርጉዝ ላም ሆድ ይመስላል?" አለው።

ዳርጌ ግራ ገባው። "የምን ላም?" አለ።

አስታጥቄ ፊቱን አየው። እየቀለደ አልነበረም። ረስቶታል። ምናልባት ያን ዕለት ማታውኑ ረስቶት ይሆናል።

አስታጥቄ ዳርጌን ደግፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ራሱ ጎማው ሥር ገባ። ብሎኗ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ገጥሞ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከረ። "ርገጥ" አለ። "ረገጥኩ" የሚል ድምፅ ከላይ መለሰለት። "ልቀቅ" ሲል "ለቀቅኩ" አለው። በዚያ ግቢ ውስጥ ለቃሉ መልስ ሲያገኝ ከሚስቱ ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በጠርሙሱ ውስጥ አረፋው ይፈላል፤ እየቆየም ይቀንሳል። ከጎማ ወደ ጎማ ተዛወረ። የመጨረሻው ጎማ ላይ ሲደርስ አረፋው ጨርሶ ጠፋ፤ የሚወጣው ጥሩ ዘይት ብቻ ሆነ።

"ርገጥ" አለ አስታጥቄ።

"ረገጥኩ።" ዳርጌ ትንሽ ቆየና፣ "ፔዳሉ እኮ ጠንክሯል። አየሩ ወጥቷል፤ አውቀሃል አይደል?" አለው።

"አውቄያለሁ" አለ አስታጥቄ ከመኪናዋ ሥር። "አንድ ጊዜ ድገምልኝ።"

ዳርጌ ምክንያቱን አልጠየቀም። "ረገጥኩ" አለ።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ሰው እንዳይስቅብን ብለን ሥራችንን ከነራሳችን እንቆልፋለን፤ ሲያልቅ እንከፍታለን እንላለን። ነገር ግን ሰው ሳይገባበት የማያልቅ ሥራ አለ። አስታጥቄ ሲወጣ ዳርጌን በሕይወት አገኘው፤ አንድ ጉልበቱም ገና ይታጠፍ ነበር። ይህ ለሁሉም አይገጥምምና አትዘግዩ። እናንተስ በራችሁ ሲንኳኳ ትንፋሻችሁን የምትውጡት ለማን ነው? ያ ሰው ምን ብሏችሁ እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ይመስላችኋል?